የቡና ወር እርሳስ

በዚያች ትምህርት ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን ዳይሬክተሩ ከዕቃ ክፍል አውጥቶ የሰጠኝን ሁሉ አስታውሳለሁ። አንድ ካርቶን ጠመኔ፣ ከአሮጌ ብርድ ልብስ የተሰፋ የሰሌዳ መጥረጊያ፣ ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ፣ ገጾቹ አንድ በአንድ ማኅተም ያረፈባቸው የስም መጥሪያ መዝገብ። ለእነዚህ አስፈረመኝ። ከፈረምኩ በኋላ ከኮቱ ኪስ አንድ ያልተቀረጸ እርሳስና ግማሽ ላጲስ አወጣና መዝገቡ ላይ አስቀመጠልኝ።

"ይኼ ከእኛ ነው" አለኝ።

አመስግኜ ወሰድኩ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ያልገባኝን ነገር መጠየቅ ከልጅነቴ ጀምሮ ያሳፍረኛል፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼም አልተወኝም። እርሳሱን ማታውኑ ቀረጽኩና በመዝገቡ ገጾች ላይ ቀጥ ያለ ኅዳግ አሰመርኩበት። ከዚያ በኋላ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ጣልኩት።

ያደግኩት ጅማ፣ ከጅሬን ኮረብታ ሥር ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። የቡና አገር ልጅ ነኝ እላለሁ እንጂ ቡናን የማውቀው በጆንያ ሆኖ በጭነት መኪና በደጃችን ሲያልፍ ነው። በየትኛው ወር እንደሚቀላ፣ ከቀላ በኋላ ዛፉ ላይ ምን ያህል እንደሚታገሥ፣ ማን እንደሚለቅመው አስቤ አላውቅም። በዲፕሎማ ስመረቅ ምደባው በዕጣ ነበር፤ የደረሰኝ ከአጋሮ ወዲያ ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ ሆነ። አንድ መንገድ፣ አንድ ወፍጮ ቤት፣ አንድ መስጊድ፣ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ ከዳገቱ ላይ ደግሞ የእኛ ትምህርት ቤት። ዙሪያዋን ሁሉ ቡና ነው፤ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ስለሚበቅል ከሩቅ ላየው ጫካ ይመስላል። አባቴ ዕጣዬን ሲሰማ "ተመስገን፣ የባሰም አለ" አለና ሁለት ቀሚስ ሰፍቶልኝ ሸኘኝ። ሁለቱም ኪስ ነበራቸው፤ አስተማሪ ጠመኔ የሚይዝበት ያስፈልገዋል ብሎ ነው።

ጂኦግራፊ አስተምር ነበር፤ የስምንተኛ ክፍል ኃላፊም አደረጉኝ። በአንድ ዴስክ አራት ልጅ ይቀመጣል። ዴስክ ያልደረሳቸው ከኋላ በድንጋይ ላይ በተጋደመ ሳንቃ ይቀመጣሉ። ስም ጠርቼ ስጨርስ የክፍለ ጊዜው እሩብ ያልፋል። የመጽሐፉ ነገር ደግሞ ለሦስት አንድ ስለሆነ አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሁለቱ ያዳምጣሉ፤ ፈተና ሲቀርብ ማን ቤቱ ይውሰደው በሚል ይጣላሉ። ድምፄ ከሦስተኛው ረድፍ አያልፍም ነበር። ልጆቹ ይህን አውቀው ፊት ያሉት ያልኩትን ለኋላዎቹ በኦሮምኛ ያስተላልፉላቸዋል። መጀመሪያ የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር።

በዕረፍት ሰዓት መምህራኑ በአንድ ክፍል ተሰብስበው ሻይ ይጠጣሉ። እኔ ብዙውን ጊዜ ዳቦዬን ክፍል ውስጥ በልቼ እቀራለሁ። ስገባም በሩ አጠገብ ተቀምጬ እሰማቸዋለሁ። ወሬያቸው ሁሌ አንድ ነው፤ ስለ ስብሰባ፣ ስለ መሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ወደ ጅማ ለመዛወር ስላስገቡት ማመልከቻ። ከሁሉም የሚያወሩት የሒሳብ መምህሩ ነበሩ። ጡረታቸው የተቃረበ፣ ሁለት የተለያየ መነጽር በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሰው ናቸው። "እኔ ከዚህ ሥራ ያገኘሁት ሳል ነው" ይላሉ። "ስሞት ደግሞ አፈር እንጂ ጠመኔ እንዳትበትኑብኝ፤ ይበቃኛል።" አንድ ቀን ያስተማሯቸውን ልጆች ሲቆጥሩ ገሚሶቹ ሹም ሆነዋል፣ ገሚሶቹ ግንባር ሄደዋል፣ ሁለቱም ሰላም አይሉኝም አሉ። ሁሉም ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን ሁሉም ወደ እኔ አየት አደረጉ።

ለምን እንደሚያዩኝ ያኔ አልገባኝም። ከብዙ ወራት በኋላ ነው የሒሳብ መምህሩ የነገሩኝ። ከዩኒቨርሲቲ የመጣች፣ የማትስቅ፣ ከሰው የማትቀላቀል፣ ስብሰባ ላይ ሁሉን ነገር የምትጽፍ ሴት፤ ወሬ ልታቀብል ተልካ ነው የመጣችው ብለው ነበር። እኔ ስብሰባ ላይ የምጽፈው አስተያየት ስጪ እንዳልባል ነበር። የሚጽፍ ሰው ሥራ ላይ ያለ ይመስላል፤ ሰብሳቢው አልፎት ይሄዳል። ያን ጊዜ ዝምታ ሌላ ትርጉም እንዳለው ማሰብ ነበረብኝ።

ከክፍሌ ልጆች አንዷን ከመጀመሪያው ሳምንት ለየኋት። ከሌሎቹ ጥቂት ዓመት የምትበልጥ፣ ቁመተ ረጅም፣ ሻሿን ከኋላ አጥብቃ የምታስር ልጅ ናት። ትምህርት ቤቱ አንድ ካርታ ብቻ ነበረው፤ እሱም ከምሥራቅ አፍሪካ በኩል አይጥ በልቶታል። እኔ ካርታ ሰሌዳ ላይ ስስል መስመሩ ይጣመምብኛል። እሷ ተነስታ "ቲቸር፣ ልሞክር?" አለችኝና አፍሪካን ሳታይ፣ ጠመኔውን ሳታነሳ ሳለችው። ከዚያ ወዲህ ካርታ የሚሳል ሲሆን እሷ ትስላለች፣ እኔ እናገራለሁ። በዚያ ዓመት እንደ አስተማሪ የተሰማኝ በእነዚያ ሰዓታት ብቻ ነው።

ከአባቷ ጋር ስምምነት ነበራት። የስምንተኛ ክፍልን የሚኒስትሪ ፈተና ካለፈች አጋሮ አክስቷ ቤት ሆና ዘጠነኛ ትማራለች። ካላለፈች የጠየቋት ሰዎች አሉ፤ ትዳር ትገባለች። ይህን የነገረችኝ ሳታዝን፣ እንደ ማንኛውም የቤት ጉዳይ ነው። እንደምታልፍ ታውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር። ነርስ ለመሆን ስንት ክፍል እንደሚበቃ ጠይቃኝ ነግሬያት ደብተሯ ጀርባ ላይ ጻፈችው።

ታላቅ ወንድሟ በክረምቱ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል። በገበያ ቀን ጨው ሊገዛ ወጥቶ ነው የቀረው። ሌላ ወንድም የላትም፤ ከሷ በታች ያሉት ትንንሽ ሴቶች ናቸው።

ጥቅምት ሲጋመስ ቡናው መቅላት ጀመረ። መጀመሪያ ከኋላ ያሉት ሳንቃዎች ባዶ ሆኑ፣ ቀጥሎ የመሐሉ ረድፍ ሳሳ። ልጆቹ በፈረቃ ይመጣሉ፤ ዛሬ ታላቁ ይለቅማል ታናሹ ይማራል፣ ነገ ይገለበጣል። ቀይ ቡና አይጠብቅም። ካልተለቀመ ይደርቅና ይረግፋል፣ ዓመት የተጠበቀው ነገር መሬት ላይ ነው የሚቀረው። ይህን ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ያየሁት ባዶ ዴስክ ብቻ ነው። በሰማያዊው እስክሪብቶ፣ በማስመሪያ በለካሁት ትንሽ ሣጥን ውስጥ፣ "ቀ" እያልኩ ጻፍኩ። ቀሪ ማለት ነው። ጽሕፈቴ ቆንጆ ነው። መዝገቤ ላይ አንድም ስርዝ አልነበረም፤ በዚህም እኮራ ነበር።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ለዘመቻ ወጣ። በጭነት መኪና ተጭነን ወደ መንግሥት የቡና እርሻ ሄድንና አንድ ሳምንት ቡና ለቀምን። እኔም ለቀምኩ። ጣቶቼ በቡናው ማር ተጣብቀው፣ ጉንዳን በእጅጌዬ ገብቶ ከልጆቹ ሩብ ያህል እንኳ አልለቀምኩም። ልጅቷ ከጎኔ ሆና የኔን ቅርጫት በየመሐሉ ከራሷ እየገለበጠች ትሞላልኝ ነበር። ዳይሬክተሩ ለዘመቻው ሳምንት ሁሉንም "አለ" ብላችሁ መዝግቡ አለን፤ ዘመቻ ትምህርት ነው ተብሏልና። ዘመቻ የቀረ ልጅ ቤተሰቡ ቀበሌ ይጠየቃል፤ ስለዚህ ማንም አልቀረም። ስንመለስ መኪናው በነሱ መንደር በኩል ሲያልፍ ወደ ታች እያሳየችኝ "ያ የኛ ነው" አለች። ከዛፎቹ ሥር መሬቱ ቀልቶ ነበር። እኔ ያሳየችኝ የረገፈ ቡና መሆኑ ሳይገባኝ "እንዴት ያምራል" አልኳት።

በማግስቱ ወንበሯ ባዶ ሆነ። በሦስተኛው ቀን አንድ ጠዋት ብቻ መጣችና ስም ከጠራሁ በኋላ ወደ ጠረጴዛዬ ቀረበች።

"ቲቸር፣ ቡናው ደርሷል" አለችኝ።

"አውቃለሁ" አልኳት። "ቢሆንም የምትችይውን ያህል ነይ። እኔ መዝገብ ላይ የማየውን ነው የምጽፈው።"

በእጄ የያዝኩትን እስክሪብቶ አየችው። ረዘም ላለ ጊዜ ነው ያየችው፤ የጫፉን ቀለም ሁሉ የምትመረምር ይመስል ነበር። ከዚያ "ቶሌ" ብላ፣ እሺ እንደማለት ነው፣ ወጣች። ከዚያ ቀን እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ ድረስ አላየኋትም። እኔም በየቀኑ ጻፍኩ።

ታኅሣሥ አልቆ ልጆቹ ተመለሱ። እጃቸው ጠቁሯል። እሷም ተመለሰች፤ ያለፋትን ከጓደኞቿ ደብተር ገልብጣ በሁለት ሳምንት ደረሰችባቸው። የመንፈቁን ፈተና ከክፍሉ ሁለተኛ ሆና አለፈች። አንደኛ የወጣው የወፍጮ ቤቱ ልጅ ነው፤ እነሱ ቡና የላቸውም።

ጥር ላይ የሁሉም ክፍል መዛግብት ለቁጥጥር፣ የስምንተኛው ደግሞ ለፈተና ምዝገባም ወደ አውራጃ ይላኩ ተባለ። መዝገቦቹ ከመሄዳቸው በፊት ባለው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎች ተለቀቁና መምህራን በሙሉ ማረፊያው ክፍል እንድንገባ ተነገረን። ስብሰባ መስሎኝ ማስታወሻዬን ይዤ ገባሁ። ስብሰባ አልነበረም። በሩ ተዘግቷል፤ ሁሉም መዝገቡን ዘርግቶ በላጲስ ያጠፋል። የሚያጠፋው የቡናውን ወራት ገጾች ነው። በእርሳስ የተጻፈው "ቀ" ይጠፋል፣ በቦታው በእስክሪብቶ "አለ" ምልክት ይደረጋል። የላጲሱ ፍርፋሪ ጠረጴዛው ላይ ተከምሯል፤ ዳይሬክተሩ በመዳፉ እየጠረገ ወደ ኪሱ ይከታል። አንዱ የሌላውን እያየ "ይችን ተውላት፣ ሁሉም ካልቀረ አያምርም" ይላል። አንድ ሁለት ቀን ለወጉ ይተውላታል። አሠራራቸው እንዲህ ነበር። በቡና ወር በእርሳስ፣ ከቡና በኋላ በቀለም። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። ልጆቹ ያውቃሉ፣ ወላጆች ያውቃሉ፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ያውቃል።

የሒሳብ መምህሩ መዝገቤን ስበው ከፈቱ። የሩቁን መነጽር አውልቀው የቅርቡን አደረጉ። ገጹን ገለጡ፣ ቀጣዩን ገለጡ።

"ልጄ፣ እርሳስ አልተሰጠሽም እንዴ?"

"ተሰጥቶኛል።"

"ታዲያ ምን አደረግሽበት?"

"መስመር አሰመርኩበት።"

ማንም አልሳቀም። በሌላ ቀን ቢሆን እሳቸው ራሳቸው አንድ ወር የሚያስቅ ነገር ያወጡበት ነበር። ክፍሉ ውስጥ የላጲስ ድምፅ ቆመ። ዳይሬክተሩ መጣና ከትከሻዬ በላይ ሆኖ አየ። ልጆቹ በፈረቃ ስለመጡ ብዙዎቹ ከተፈቀደው ቀን አላለፉም ነበር። ፈረቃ የሚለውጣት ወንድም ያልነበራት ግን ገደቡን አልፋለች። ያለፈችው እሷ ብቻ ናት። በየትኛውም ክፍል ከተወሰነው በላይ የቀረ ተማሪ አያልፍም፤ ስምንተኛ ከሆነ ለብሔራዊ ፈተና አይመዘገብም።

አዲስ መዝገብ ገልብጬ ልጻፍ አልኩ፤ ማታውን ሁሉ እጽፋለሁ አልኩ። ዳይሬክተሩ ራሱን ነቀነቀ። መዝገቡ ቁጥር አለው፣ በየገጹ የአውራጃው ማኅተም አለበት፣ ትርፍ አይሰጥም። ጠፋ እንበል አልኩ። እንደዚያ ዓይነት ሐሳብ ከአፌ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ዳይሬክተሩ ወጣት ነው፤ ከኔ በጥቂት ዓመት ቢበልጥ ነው። ወደ በሩ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ከኔ በፊት የነበሩት ዳይሬክተር የት እንዳሉ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"እኛም አናውቅም።"

በማግስቱና በእሑዱ መዝገቡን ቤቴ እንዳሳድር ፈቀደልኝ። ሰኞ ጠዋት እንድመልስ ነበር። የሒሳብ መምህሩ ሲወጡ በእጄ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ምላጭ አኖሩልኝ። እሑድ ረፋድ መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ የመጀመሪያዋን "ቀ" በምላጩ ጫፍ መፋቅ ጀመርኩ። ቀለሙ እየሳሳ ሄደ። ጥቂት ሲቀረው ወረቀቱ ተቀደደ፤ በቀዳዳው የሚቀጥለው ገጽ ማኅተም ታየኝ። ምላጩን አስቀመጥኩ። ጥሩ ወረቀት አልነበረም፣ እኔም አጥብቄ የምጽፍ ሰው ነኝ።

ሰኞ መዝገቡን መለስኩ። በሳምንቱ የፈተና ተመዝጋቢዎች ስም ዝርዝር በዳይሬክተሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። በዕረፍት ሰዓት ልጅቷን በመስኮት አየኋት። ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች አነበበች። ከዚያ ከታች ወደ ላይ አነበበች። ጓደኞቿ ክንዷን ሲጎትቷት ሄደች፤ ከሰዓት በኋላም ወደ ክፍል ገባች፤ የላቲን አሜሪካን ካርታ ሳለችልኝ።

እንደዚያ ሆኖ መቀመጥ አልቻልኩም። አንድ ወረቀት ጻፍኩ። የዚህችን ተማሪ ስም ስመዘግብ ተሳስቻለሁ፣ ቀርታለች ያልኩባቸው ቀናት ተገኝታ ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው የሚል ነው። ሦስት ጊዜ ገልብጬ ንጹሑን ይዤ አጋሮ ሄድኩ። ለማንም አልነገርኩም። የአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አግዳሚ ላይ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ተቀመጥኩ። ተራዬ ሲደርስ የፈተና ክፍሉ ኃላፊ ወረቀቴን ቆሞ አነበበው። ጎልማሳ ነው፤ የእጅጌው ጫፍ ላይ ጠመኔ ነበረበት ወይስ እንዲያው የኔ ዓይን ነው፣ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

"ተሳስቼ ነው ነው የምትይው?"

"አዎ።"

"ስንቱን ቀን?"

"ሁሉንም።"

ወረቀቱን አጠፈው። "ሰው አንድ ቀን ይሳሳታል፣ መምህርት። ኅዳርን ሙሉ ከተሳሳተ ሌላ ስም አለው።"

ስሙን አልተናገረውም። አሻጥር ማለቱ ነው፤ ያን ጊዜ ቃሉን በየስብሰባው እንሰማው ነበር፣ በቃሉ ምክንያት የሄዱ ሰዎችንም እናውቅ ነበር። እኔ ግን ይህን ቤቴ ሆኜ አስቤበት ነበር። ለራሴ ብቻ ቢሆን እችለው ይሆናል ብዬ ነው የመጣሁት። ያላሰብኩት ቀጥሎ የመጣውን ነው። ወደ ኋላው ዞረና በግድግዳው ጥግ የተደረደሩትን የሌሎች ትምህርት ቤቶች መዛግብት በአገጩ አመለከተ።

"እስቲ ንገሪኝ" አለ። "በቡና ወር ያንቺ ክፍል ልጆች ብቻ ናቸው የሚቀሩት? የሌሎቹ መዝገብ ይኼን ያህል ንጹሕ የሆነው ለምንድን ነው?"

እነዚያን መዛግብት አየኋቸው። ከነዚያ ውስጥ የኛ ትምህርት ቤት ሌሎች ክፍሎችም አሉ። የሒሳብ መምህሩ ክፍል አለ። የአጋሮ አካባቢ ትምህርት ቤቶች ሁሉ አሉ፤ እያንዳንዱ ገጽ ብርሃን ላይ ቢያዝ የእርሳሱ ጭረት ይታያል። በየመዝገቡ ስንት ልጅ እንዳለ አሰብኩ። ወረቀቴን ከእጁ ቀስ ብዬ ወሰድኩት።

"ይቅርታ፣ ለመጠየቅ ያህል ነው የመጣሁት" አልኩ።

"ጠየቅሽ" አለኝ። ቀጣዩን ጠራ።

በመመለሻው መኪና ላይ ለሌሎቹ ልጆች ስል ዝም አልኩ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ለብዙ ጊዜ እንደዚያ እያልኩ ኖርኩ። እውነቱን ስጽፍ ግን፣ ያን ሰዓት ልጆቹን ያሰብኩት ከፈራሁ በኋላ ነው። መጀመሪያ ፈራሁ። ሰውዬው ያን ጥያቄ ሊያጠምደኝ ጠየቀኝ ወይስ ሊያስጠነቅቀኝ፣ ይህንንም አላውቅም። ምናልባት እሱም አንድ ጊዜ ከኪስ የወጣ እርሳስ የተሰጠው መምህር ነበር።

አባቷ የመጡት የካቲት ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ከፈረሳቸው ወርደው፣ ኮፍያቸውን አስተካክለው በአጥሩ በኩል ቆመው ጠበቁኝ። አማርኛቸው ጥቂት፣ ኦሮምኛዬ የገበያ ነው፤ ሁለቱን እየቀላቀልን ተነጋገርን። ስለ ልጃቸው ከመጠየቃቸው በፊት ስለ ጤናዬ፣ ስለ አባቴ፣ ስለ ጅማ ዝናብ ጠየቁኝ። ከወንድ ልጃቸው ደብዳቤ እንዳልመጣ ነገሩኝ።

"ባርሲስቱ" አሉኝ፤ አስተማሪዋ ማለታቸው ነው። "ልጄ ፈተናውን አትወስድም ይላሉ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"የሚደረግ ነገር የለም?"

"የለም" አልኳቸው። አጋሮ መሄዴን አልነገርኳቸውም።

አንገታቸውን ነቀነቁ። "ቡናውን ያስለቀምኳት እኔ ነኝ። አንቺ ያየሽውን ጻፍሽ። ባንቺ ላይ የምጠይቀው ሐቅ የለኝም። አላህ የጻፈው ነው።"

ቢቆጡኝ እመርጥ ነበር። የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ፣ በቆንጆ ጽሕፈት፣ በሰማያዊ ቀለም እንደጻፍኩት ልነግራቸው ፈለግኩ። ያልኩት ግን "ከልቤ አዝኛለሁ" ብቻ ነው። እሳቸውም "አውቃለሁ፣ አውቃለሁ" እያሉ አጽናኑኝ። ፈረሳቸውን እየሳቡ ቁልቁል ሲወርዱ አየኋቸው። ለጠየቋቸው ሰዎች መልስ መስጠት ነበረባቸው፤ ከዚያ በላይ ማስጠበቅ ነውር ነው።

ሠርጉ ከጾሙ ወር በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። እሷ እስከዚያው ትምህርቷን አላቋረጠችም። በመጨረሻ መጽሐፍ ልትመልስ መጣች። የትምህርት ቤት መጽሐፍ የወሰደ ሁሉ ሲመልስ የክፍል ኃላፊው ተቀብሎ ይፈርማል። ጂኦግራፊው በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ተለብጧል፤ ስትወስደው የተቀደደ የነበረውን ገጽ በስስ ወረቀትና በሙጫ ጠግናዋለች። ተቀብዬ ፈረምኩ። የምትሄድ መስሎኝ ቀና ስል ቆማ ነበር።

"ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?"

"ጠይቂ።"

"ምን አጥፍቼ ነው?"

አልገባኝም። እያየችኝ በዝግታ አስረዳችኝ። እኔ እርሳሱን እንደማላውቀው አላወቀችም። በዚያ አገር እርሳሱን የማያውቅ መምህር አለ ብሎ የሚያስብ ልጅ የለም። ቡናው ደርሷል ያለችኝ ጠዋት በእጄ እስክሪብቶ ስታይ ተቆጥቼባት መሰላት። ካርታ ስትስል ደፍራኝ ይሆን፣ ዘመቻ ላይ ቅርጫቴን መሙላቷ አሳፍሮኝ ይሆን እያለች፣ ከዛፍ ዛፍ እየተሻገረች፣ ኅዳርን ሙሉ ስታስብ ከርማለች። ከአባቷ ፈቃድ ጠይቃ ተመልሳ ይቅርታ ልትለኝ አስባ ነበር፤ ቡናው አላስመጣትም።

"ምንም አላጠፋሽም" አልኳት። "እኔ አላወቅኩም ነበር።"

"አላወቁም?"

"የነገረኝ የለም።"

ፊቷ ላይ እንደ ማዘን ያለ ነገር ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ለራሷ ይሁን ለኔ አላውቅም። "ለምን አልጠየቁንም?" አለች። መልስ ሳትጠብቅ ደብተሯን አቅፋ ወጣች። የፈተናው ቀን እኔ በሌላ ትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ ሆኜ ተመደብኩ፤ ደስ አለኝ። ዝርዝሩ ውስጥ ያሉትን ስሞች ስጠራ ልጆቹ ሁሉ "አለሁ" አሉ።

በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ከመምህራኑ ጋር ሻይ መጠጣት ጀምሬ ነበር። አንድ አዲስ የታሪክ መምህር መጣ፤ የሰባተኛ ክፍል ኃላፊ ተደረገ። ረጅም፣ ቁጥብ፣ ከሰው ራቅ ብሎ የሚቀመጥ ልጅ ነው። ስብሰባ ላይ ያለማቋረጥ ይጽፋል። ዳይሬክተሩ ዕቃውን አስፈርሞ ሲሰጠው አጠገባቸው ነበርኩ። እርሳሱን ከኪሱ አወጣና "ይኼ ከእኛ ነው" አለው። ልጁ አመሰገነ። አልጠየቀም።

ጥቅምት ላይ አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ከጠረጴዛው ማዶ መዝገቡን ዘርግቶ በዚያ እርሳስ ኅዳግ ሲያሰምር አየሁት። የሒሳብ መምህሩም አይተዋል። ሻያቸውን እያማሰሉ በጆሮዬ "አንቺ ንገሪው፤ ካንቺ ይሻላል" አሉኝ። ከማንም ይልቅ ለኔ እንደሚገባ አወቅኩ። ተነሳሁ። ወደሱ ስጠጋ ሌላ የያዘውን ማስታወሻ ደብተር ቀስ ብሎ ዘጋውና እጁን አኖረበት። ምን ይጽፍ እንደነበር አላየሁም። ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሆነ፣ ማታ ከማን ጋር እንደሚያወራ አላውቅም። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ሲያዩኝ የነበሩት ሰዎች ያዩት ይህንን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

"አቤት መምህርት፣ ምን ልታዘዝ?" አለኝ።

"ምንም" አልኩት። "ማስመሪያዎን ልዋስ ብዬ ነው።"

ማስመሪያውን ሰጠኝ። ወስጄ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። የራሴ ማስመሪያ መዝገቤ ላይ ነበር፤ የሒሳብ መምህሩ አዩት፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። በዳገቱ ሥር ቡናው መቅላት ጀምሯል።